አውሮፕላኑን ያሳረፈው የማን እጅ ነው?

አውሮፕላን ማብረር እንደማልችል ያወቅኩት አውሮፕላን እያበረርኩ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ይስቃል፤ እናንተም ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ቀዩ የአባያ ውሃ ከክንፌ ሥር ተዘርግቶ፣ ለእኔ የመጣልኝ ሳቅ ሳይሆን ላብ ነበር።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። የተወለድኩት ጨንቻ ሲሆን አባቴ ሸማኔ ነበር። ቤተሰባችን ጴንጤ ከሚባሉት ወገን ስለሆነ፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ አባቴ ሁለት ሦስት ጎረቤት እየሰበሰበ ጓዳ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጸልይ ነበር። እኔ ከተራራው ወርጄ ሜዳው ላይ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የሜካኒክ ረዳት ሆኜ ስቀጠር፣ ይህ ምስጢር አብሮኝ ወረደ። ሰላም ብሎኝ ያለፈውን ሰው ሁሉ “ለምን ሰላም አለኝ?” እያልኩ ዞሬ አየው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ላለመመንጠር ቆርጬ ተነሥቼ ነበር።

እርሻው ጥጥ ያመርታል። ጥጡ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችም ነበሩት። አንድ ቀን “ከጭቁኑ ሕዝብ መካከል አብራሪዎች እናፍራ” ተባለና ከሠራተኛው አራት ወጣቶች ተመረጥን። ከአራቱ አንዱ እኔ ስሆን ሌላው አንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ደምሴ ነበር፤ ከምዕራብ ዓባያ የመጣ፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ የትራክተር ሾፌር። ለመለማመጃ አንድ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን መጣልን። ተማሪው ከፊት፣ አሰልጣኙ ከኋላ ይቀመጣል። መሪውና የእግር መርገጫው በሁለቱም ወንበሮች ፊት ስላለ፣ አንዱ ሲያንቀሳቅሰው የሌላውም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

አሰልጣኞቹ ሁለት ነበሩ። ደረጀ ወጣትና ሳቂታ ነው፤ “ጓድ ምናምን ተዉት፣ ደረጀ በሉኝ” ይላል። ጥጥ ለቃሚዎቹ አናት ላይ ዝቅ ብሎ እያለፈ እጁን ሲያውለበልብላቸው ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር። ሁለተኛው ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ከንጉሡ ዘመን የተረፉ፣ ቀጭን፣ ስብሰባ ላይ የማያጨበጭቡ ሰው ነበሩ። ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች፤ ሰው ያያሉ፣ ይጽፋሉ። “ጆሮ ጠቢ ናቸው” ይባል ነበር። እኔን ደግሞ አንድ ቀን አስቁመው “ጨንቻ የማን ልጅ ነህ? አባትህ ምን ይሠራል?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል፤ ያኔ ግን ማንንም አላስገረመም። ማን ያሠልጥነን የሚለው ጉዳይ የተወሰነው በጠቅላላ ስብሰባ፣ እጅ በማውጣት ነው። ጥጥ ለቃሚው፣ ዘበኛው፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም ሰው እጅ አለው። ጋሽ ታፈሰ ተነሥተው “ለመብረር የማይበቃውን ተማሪ መመለስም የአሰልጣኝ ሥራ ነው፤ ማረፍን በወር ውስጥ አስተምራለሁ የሚል ሰው ካለ እንዴት አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት” አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ አጉረመረመ። በዚህ መሐል፣ በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ ተነሥቼ የሂስ ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ። “ጓድ ታፈሰ የሕዝቡን ልጆች ችሎታ ይንቃሉ” አልኩ። እሳቸው ስለ አባቴ ከመናገራቸው በፊት እኔ ስለ እሳቸው ልናገር ብዬ ነው። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ ከዚያ ሁሉም ለደረጀ እጁን አወጣ። ጋሽ ታፈሰ ከጥገና የወጡ አውሮፕላኖችን እያበረሩ እንዲፈትሹ ተመደቡ።

ሥልጠናው እንደ ሠርግ ነበር። ደረጀ ከኋላ ሆኖ “ጎበዝ! እንደሱ! እጅህ ወርቅ ነው!” ይላል። በሦስተኛው ሳምንት አንድም ጊዜ ሳልሳሳት ነው የማሳርፈው። ስብሰባው ደግሞ ለመጪው እሑድ በዓል አንድ ተማሪ በሕዝብ ፊት ብቻውን እንዲበር ወሰነና፣ የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ እኔን መረጠ። ደረጀም “ብቁ ነው” ብሎ ፈረመልኝ።

ያጠራጠረኝ ያ አለመሳሳቴ ነው። ጋራዥ ውስጥ ብሎን ማጥበቅ እንኳ የተማርኩት ስንቱን አበላሽቼ ነው። ይኼ የሰማይ ነገር እንዴት እንዲህ ገራልኝ?

ረቡዕ ጠዋት ልንወርድ ስንል፣ መሬቱ ወደ እኛ እየቀረበ ሳለ፣ እጄን ከመሪው ላይ ቀስ በቀስ አላላሁት። መሪው አልተዛነፈም። ጨርሶ ለቀቅኩትና እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እግሬንም ከመርገጫው አነሣሁ። መሪው ዓይኔ እያየ በራሱ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተሳበና ጎማዎቹ ሳር ላይ እንደ መቀመጥ ብለው አረፉ። እኔ ተሳፋሪ ነበርኩ።

“አየህ!” አለ ደረጀ ከኋላዬ ትከሻዬን መታ እያደረገ፤ “ዛሬስ ጨረስከው! እሑድ ሕዝቡ ጉድ ይላል!”

እሑድ ከኋላዬ ማንም አይኖርም። ከአውሮፕላኑ ስወርድ የማስበው ይህን ነበር። ደረጀ እያወቀ ሊገድለኝ ነው ወይስ እጁ ሳያስበው ነው የሚሠራው? ዛሬ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ያኔ ግን የመጀመሪያውን አምኜ ነበር።

ምሳ ሰዓት ኩርኩፋችንን፣ ያን ከጎመን ጋር የሚቀቀል የበቆሎ ምግባችንን፣ ይዘን ከዛፍ ሥር ስንቀመጥ ለደምሴ ነገርኩት።

“እጄን ለቀቅኩ፤ አውሮፕላኑ ያለእኔ አረፈ።”

“ታዲያ ጎበዝ አሰልጣኝ ማለት ያ አይደል?”

“ደምሴ፣ አንተም ነገ እጅህን ልቀቅና እስቲ እየው።”

“እኔ አላብድም!” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። “ሳሚ፣ አንተ ጥላህንም ትጠራጠራለህ። ያ ሁሉ ሰው እጁን አውጥቶ የመረጠው ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻህን ልክ ነህ?”

“ያ ሁሉ ሰው መቼ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል?”

“በል ይህን ነገር ለሌላ ሰው እንዳትደግመው” አለኝ። የወንድም ምክር ነበር፤ ለእኔ ግን ማስፈራሪያ መሰለኝ።

የቀሩኝ ሦስት ጠዋቶች ናቸው። እንዳልበር ብናገር የሕዝብን ውሳኔ ያደናቀፈ እባላለሁ፤ ከዚያ ማን እንደሆንኩ ይጣራል፤ ማጣሪያው ደግሞ ጨንቻ፣ አባቴ ጓዳ ድረስ ይደርሳል። ብበር እሞታለሁ። ይህን ነገር ሊፈታ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጆሮ ጠቢ የሚባለው፣ እኔው በሂስ ያዋረድኩት ሰው ነው።

ጋሽ ታፈሰ በየማለዳው ብቻቸውን ወደ አባያ ዳር ይሄዱ ነበር። ሐሙስ ተከተልኳቸው። ውሃው ዳር ቁጢጥ ብለው ጋሽ ጩቃ ከሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ያወራሉ፣ ደብተሯን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። “የሰው ስም እየተቀበሉ ነው” አልኩ በሆዴ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኜ።

“ውጣ ከዚያ” አሉ ዞር እንኳ ሳይሉ። “አዞ ፀሐይ የሚሞቀው እዚያ ጋ ነው።”

ዘልዬ ወጣሁ። ሽማግሌው ሳቁ። አጠገባቸው ስደርስ ደብተሯን አየሁ፤ የሰው ስም የለባትም፣ ሰዓትና የንፋስ አቅጣጫ ነው የተጻፈው። ይህም ቢሆን ልቤን አላሳረፈውም፤ ሌላ ደብተር ሊኖራቸው ይችላል።

“ጋሽ ታፈሰ፣ ማሳረፍ አልችልም” አልኳቸው።

“ማን ነገረህ?”

“እጄን ለቅቄ ሞከርኩት።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩኝ። “ለማን ተናገርክ?”

ጥያቄው አጥንቴ ድረስ ገባ። “ለማንም” ብዬ ዋሸሁ።

“እኔ ከመሬት ሆኜ አይቼዋለሁ” አሉ። “ተማሪ የያዘው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ይወዛወዛል። የአራታችሁ ግን አይወዛወዝም፤ አራታችሁም እንደ አንድ ሰው ነው የምታርፉት። አንድ ሰው ስለሆነ ነው።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ስብሰባው ላይ ተናግሬ ነበር። መልስ የሰጠኸኝ አንተ ነህ።”

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ከገባሁ አይቀር ብዬ “የማን ልጅ ነህ ያሉኝስ ለምንድን ነው?” አልኩ።

“እግርህን አይቼ። ሸማኔ እግሩ መርገጫ ላይ ሆኖ እጁ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ እግሩን አያየውም። የሸማኔ ልጅ ከሆነ በቶሎ ይለምዳል ብዬ ነው።” ከዚያ ጨመሩ፦ “አባትህ ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩህም።”

ልብ በሉ፤ ስለ ጓዳ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ከየት አወቁ? ቢሆንም ሌላ በር አልነበረኝምና “ያስተምሩኝ” አልኳቸው።

ከጥገና የወጣ አውሮፕላን ሲፈተሽ ሜካኒክ አብሮ መብረር ነበረበት። የመለማመጃው አውሮፕላን ሞተር በዚያው ሳምንት ተፈትቶ ስለተገጠመ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማለዳ እኔ በሜካኒክነት ከፊት ወንበር ገባሁ፤ ማንም ምንም አላለም። ዓርብ ልናርፍ ስንወርድ ትከሻዎቼ ላይ ሁለት ከባድ ነገሮች ተቀመጡ።

“እጆቼ የት ናቸው?” አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ የሞተሩን ድምፅ በልጠው እየጮኹ።

“ትከሻዬ ላይ!”

“እንግዲህ የሚሆነው ሁሉ ያንተ ነው!”

የሆነውን ልንገራችሁ፦ መሬት መታን፣ ተነጠርን፣ እንደገና መታን። ክንፉ ወደ ጎን ሲያዘነብል አንደኛው እጅ ከትከሻዬ ተነሣ፤ መሪው ተስተካከለ፤ ቆምን። አፌ ውስጥ ደም ቀመስኩ፣ ምላሴን ነክሼ ነበር። ከኋላዬ “ጎበዝ” የሚል የለም። “መሪውን አሥር ክንድ ቀድመህ ሳብከው፤ ቀኝ እግርህ ተኛ። እንደገና” ብቻ አሉ።

ታምኑኝ እንደሆነ፣ ያ አስቀያሚ አወዳደቅ በሕይወቴ ያሳረፍኩት የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ። የራሴ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስድስት ጊዜ አሳረፍኩ፤ ከስድስቱ በሁለቱ ብቻ እጃቸው ከትከሻዬ ተነሥቷል። ስንወርድ “ለነገ ደረስኩ?” አልኳቸው።

“አልደረስክም።”

“ደረጀ ፈርሞልኛል።”

“እኔ አልፈርምም። በዓሉ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ንፋሱ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን አቋርጦ ከጎን ይመጣል። አንተ ከጎን የሚመጣ ንፋስ ላይ አንድም ጊዜ አላሳረፍክም።”

ጥርጣሬዬ እንደገና ተነሣ። ተቀናቃኛቸው ያሠለጠነው ተማሪ በሕዝብ ፊት እንዲያፍር ፈልገው ቢሆንስ? ቂማቸውን በእኔ እየተወጡ ቢሆንስ? ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

“እኔን አትመነኝ” አሉ። “ዛሬ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሂድና ጋሽ ጩቃ የሚያደርጉትን እይ።”

ሄድኩ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት አካባቢ ውሃው ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ፣ ዓሣ አጥማጆቹ አንድ በአንድ ታንኳቸውን ወደ ዳር ይጎትቱ ጀመር።

“ምን አያችሁና ነው? ንፋስ የለም እኮ” አልኳቸው ጋሽ ጩቃን።

“አሁን ትመጣለች” አሉ። “ንፋሷ ከጨንቻ በኩል ትወርዳለች። ወንድሜን የወሰደችው እሷ ናት። የጎረቤቶቼን፣ የእነ ዛራንም አባት። እዚህ ይህቺን ሰዓት የማያውቅ ሰው የለም።”

ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ሸንተረር በሸንተረር ሆነ። ንፋሱ ባርኔጣዬን ነጥቆኝ ሄደ፤ ጋሽ ታፈሰ እንዳሉት ከተራራው በኩል ነበር የመጣው።

እሑድ ደረሰ። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ቀይ ጨርቅ፣ ማርሽ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ፣ ከሲቀላ ሰፈር የመጡ ተማሪዎች፣ ከተራራው የወረዱ ገበሬዎች። የዶርዜ ጨፋሪዎች አቧራውን አስነሥተውታል። የበዓሉ አስተባባሪ ጓድ ንጋቱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ “አሁን የሸማኔው ልጅ ጓድ ሳሙኤል ብቻውን ወደ ሰማይ ይወጣል!” ሲል ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቡ ሄጄ ቀስ ብዬ “አልበርም” አልኩት።

“ምን?”

“ማሳረፍ አልችልም። አልተማርኩም።”

ድምፅ ማጉያው አፉ አጠገብ ነበርና ሁሉም ሰማ። ሳቁብኝ።

“ፈራህ?” አለኝ ጓድ ንጋቱ፤ አሁን ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎታል።

“አዎ፣ ፈርቻለሁ።”

“ማን ነው ያስፈራራህ? ስሙን ንገረኝ።”

ጋሽ ታፈሰ ከነዳጅ በርሜሎቹ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። አንድ ስም ብጠራ እኔ እድን ነበር። እሳቸው ደግሞ የአባቴን ነገር ያውቃሉ፤ ቀድሜ ባጠፋቸው ያ ምስጢር አብሮ ይጠፋል የሚል ክፉ ሐሳብ በልቤ አለፈ። አልዋሻችሁም፣ አልፏል።

“ማንም አላስፈራራኝም” አልኩ። “እጄን አውቀዋለሁ።”

ይኼኔ ደምሴ ከሰልፉ ወጣ። “እኔ እበራለሁ!” አለ። ጭብጨባው ከቅድሙ በረታ። እጅጌውን ያዝኩት፤ “ደምሴ፣ ትሞታለህ” አልኩት። ወደ ጎን ገፈተረኝና ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። ደረጀ እየሳቀ በሩን ከፈተለት።

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ አፌ ነው የተናገረው። “ደረጀ!” ብዬ ጮህኩ፤ ጓድ ንጋቱ አጠገብ ስለነበርኩ ድምፅ ማጉያው ያዘው። “አብረኸው ግባ፤ ከኋላው ተቀመጥ። አንድ ነገር ብቻ፣ እስኪያርፍ ድረስ ሁለቱም እጆችህ ትከሻው ላይ ይሁኑ። ሕዝቡ ይየው!”

“ይግባ! ይግባ!” አለ ሕዝቡ፤ ለእሱ ጨዋታ ነበር።

ደረጀ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ዓይኑ ግን በምሰሶው ላይ ወደተሰቀለው የንፋስ ማሳያ ጨርቅ ሄደ። ጨርቁ ማረፊያውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ደምሴን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

“የዛሬው ንፋስ ለተማሪ አይሆንም” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ለእኔ ለብቻዬ ግን ይሆን ነበር?” አልኩት።

ወዲያው ወደ አውሮፕላኑ ተመልሶ ደምሴን አስወረደና ራሱ ገባ። ጓድ ንጋቱም “ጓድ ደረጀ ትርኢት ያሳያል!” ብሎ አወጀ። ደረጀ ተነሣ፤ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ ተገለባበጠ፤ በዚያ ንፋስም አውሮፕላኑን በጎኑ እያስኬደ እንደ ዕቃ አስቀመጠው። የአብራሪነቱን ነገር አልክድም፤ እጁ በእርግጥም ወርቅ ነበር፤ ችግሩ እጁን ለማንም አለማውረሱ ነው። ሕዝቡ ተሸክሞ ሜዳውን አዞረው።

እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወደ ጋራዡ ስሄድ “ፈሪ!” የሚል ድምፅ እየተከተለኝ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ፤ “ፈርቻለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ጨንቻ ማንም አላነሣም። ደረጀ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ተማሪዎቹ ለጋሽ ታፈሰ ተሰጠን። ደምሴ ግን “ከፈሪዎች ጋር አልማርም” ብሎ ወደ ትራክተሩ ተመለሰ። እኔ ብቻዬን ለመብረር ሌላ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ፀጉሬ እስኪነጭ ድረስ በረርኩ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። “ብዙኃኑ አያውቅም፣ ባለሙያን ብቻ ስሙ” ብዬ እንዳልመክራችሁ ደረጀም ጋሽ ታፈሰም ባለሙያዎች ነበሩ። እነዚያ ዓሣ አጥማጆችም ብዙኃን ናቸው፤ ንፋሱን ግን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ወንድምና አባት ገብረውበታልና። አዳራሹ ውስጥ እጁን ያወጣው ሰው ግን ስለማረፍ ምንም የገበረው አልነበረም፤ የሚገብረው እኔን ነበር። ሰው ብዙ ሲሆን ይህን ጠይቁ፦ ቢሳሳቱ የሚወድቀው ማን ላይ ነው? አስተማሪ ስትመርጡ ደግሞ የሚያሞግሳችሁን ሳይሆን እጁን የሚያሳያችሁን ምረጡ። “እኔን አትመነኝ፣ ሄደህ እይ” የሚላችሁ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ጋሽ ታፈሰ ጆሮ ጠቢ ነበሩ? እውነት እላችኋለሁ፣ ዛሬም አላውቅም። የአባቴን ጓዳ ከየት እንዳወቁ ሳይነግሩኝ ነው የሞቱት። ነፍሴን የሰጠኋቸው ማሳረፍ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ አልከዱኝም።

የመጠራጠር አባዜዬ አልለቀቀኝም፤ ራሴንም እጠራጠራለሁ። ያን እሑድ ደምሴ ቢበር ኖሮ ያርፍ ይሆን? ምናልባት። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። የሞተ ሰው ቢኖር ሁሉም ባመነኝ፤ ማንም ስላልሞተ እኔ ፈሪ ሆኜ ቀረሁ።

ደምሴ ለብዙ ዓመት አላናገረኝም። በቀደም የመጨረሻ ሴት ልጁን ሲድር ግን ላከብኝና ምዕራብ ዓባያ ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አጠገቡ አስቀመጠኝ፤ ጠጅ ቀመስ እንዳደረገ ያን የጥንት ሳቁን ለቀቀና ለሠርገኛው ጮኸ፦

“ይህን ሰው እዩልኝ! አብራሪ እንዳልሆን ያደረገኝ ይህ ፈሪ ነው!”

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራይቱ ሳቀች፤ ወንድሞቿ ሳቁ፤ የልጅ ልጆቹም ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። እኔም አንድ በአንድ እያየኋቸው አብሬ ሳቅኩ።